ዕዳ ከሜዳ አይመጣም

በአገራችን «ዕዳ ከሜዳ» የሚባል አባባል አለ። ያልታሰበ ክስ ሲመጣ፣ ለወዳጅ የተገባ ዋስትና ተመልሶ የራስን በር ሲያንኳኳ፣ ተሸጦ የተረሳ ዕቃ ከነጉድለቱ ሲመለስ ሰው እጁን በራሱ ላይ ጭኖ «ዕዳ ከሜዳ!» ይላል። አባባሉ ለተጨነቀ ሰው ማጽናኛ ይሆነው ይሆናል። ነገሩን በጥሞና ለመረመረ ግን ከሜዳ የመጣ ዕዳ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከእያንዳንዱ ዕዳ በስተጀርባ አንድ ቀን የተፈረመ ወረቀት፣ የተሰጠ ቃል ወይም በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አለ። ከሜዳ የመጣ የሚመስለው ባለቤቱ ሊያየው ስላልፈለገ፣ ወይም አይቶ ለሌሎች ስላልተናገረ ነው።

ከዚህ ተነስተን አንድ ጥያቄ እናንሳ። ገና ያልደረሰ፣ ሊደርስም ላይደርስም የሚችል ዕዳ፣ ዕዳ ነውን? ባለቤቱስ ስለ እርሱ ለሸሪኩ፣ ለገዢውና ለወራሹ የመናገር ግዴታ አለበትን?

ይህ ጥያቄ ቀድሞ የሒሳብ ባለሙያዎችና የጠበቆች ብቻ ይመስል ነበር። ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ግን የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኗል። በዚያን ዕለት ኢትዮ ቴሌኮም ከአክሲዮኖቹ 10 በመቶውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ አቀረበ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ያለው ሰው ወረፋ ሳይጠብቅ፣ በእጅ ስልኩ በቴሌብር ከፍሎ፣ የአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ባለድርሻ መሆን ቻለ። ሽያጩ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው ወደ 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰብስቧል።

ያን ሰሞን ፒያሳ ላይ ቡና ይዘው የተቀመጡ ሰዎች «ስንት ያተርፋል?» እየተባባሉ ይጠያየቁ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አብሮት ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ዕዳ አለበት? ነገስ ምን ሊመጣበት ይችላል?» የሚለው ነው። ድርሻ የገዛ ሰው ከሕንፃውና ከመስመሩ ጋር የተከማቸውንም ግዴታ ተካፍሏልና። አክሲዮን መግዛት በሸሪዓ እንዴት ይታያል የሚለው ሰፊ ርዕስ ስለሆነ ለዑለማእ እንተወውና፣ እዚህ የምንመለከተው ይህንኑ ሊመጣ የሚችል ዕዳ ነው።

የሒሳብ ሰዎች እንዴት ይከፋፍሉታል?

በአገራችን የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ትልልቅ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት እንዲያዘጋጁ ተደንግጓል። ከእነዚህ ደረጃዎች መካከል ቁጥር 37 የሚባለው የሚናገረው ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ደረጃው አንድ ኩባንያ የተከሰሰበትን ነገር፣ የገባውን ዋስትና፣ ለደንበኛ የሰጠውን የጥገና ቃል በሦስት እርከን ይከፍለዋል።

ኩባንያው የመክፈሉ ነገር ካለመክፈሉ የሚያመዝን ከሆነና መጠኑም ሊገመት ከቻለ፣ ከአሁኑ እንደ ዕዳ ቆጥሮ መጠባበቂያ ይይዛል። ክፍያው ሊመጣ ይችላል እንጂ ያን ያህል ያላመዘነ ከሆነ፣ ከሒሳቡ ጋር በሚያያዘው ማብራሪያ ላይ ይገልጸዋል። የመምጣቱ ነገር እጅግ የራቀ ከሆነ ዝም ማለት ይፈቀድለታል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ አከፋፈል ለሒሳብ ሥራ ጠቃሚ ነው። ለኅሊና ግን በቂ አይደለም። ለምን ቢሉ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል ሁለት እጅግ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ስለሚያስገባ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳዩ ራሱ ገና ያልተፈጸመ ነው። ለወንድሜ ዋስ ሆኛለሁ፤ ወንድሜ ከከፈለ እኔ ምንም የለብኝም፣ ካልከፈለ ዕዳው የእኔ ነው። ኩባንያ ለሸጠው ስልክ የአንድ ዓመት ዋስትና ሰጥቷል፤ ስልኩ ካልተበላሸ አይጠየቅም። እዚህ ላይ እርግጠኛ ያልሆነው የነገው ቀን ነው።

ሁለተኛው ጉዳዩ ተፈጽሞ ያለቀ፣ ነገር ግን ዳኛ ያልበየነበት ነው። ጉዳቱ ደርሷል ወይም አልደረሰም፤ ጥፋቱ የኩባንያው ነው ወይም አይደለም። እውነቱ አንድ ነው፤ ትናንት ተከናውኗል። እርግጠኛ ያልሆነው ዳኛው ምን እንደሚል ብቻ ነው።

ሁለቱን የሚያዩ ሁሉ «ሊመጣ የሚችል ዕዳ» ይሏቸዋል። በአላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ ግን ሚዛናቸው አንድ ሊሆን አይችልም። በየተራ እንያቸው።

ዋስና ቁራኛ በአራዳ

ዋስትና ለአራዳ እንግዳ ነገር አይደለም። ጣሊያን ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ከማቋቋሙ በፊት የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ነው። ከአገር ውስጥ ከመጣው ነጋዴ ጋር የአርመን፣ የግሪክ፣ የየመን ዓረብና የሕንድ ነጋዴ በዚያ ይገናኝ ነበር። ከሕንድ የመጡ ሙስሊሞች ያቋቋሙት መሐመዳሊ የተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅትም በዚሁ ሰፈር ስሙን የተከለ ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም ኋላ ሕንፃውን ያሠራው በአራዳ ነው። ገበያውንና ቀረጡን የሚያስተዳድረው ነጋድራሱ የነጋዴውን ክርክርም ይዳኝ ነበር።

በዚያ ዘመን ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ሰው ዋስ ይጠራል። ዋስ ካጣ ከባለገንዘቡ ጋር በቁራኛ ይታሰራል። ይህ ሥርዓት አበዳሪና ተበዳሪን ልብስ ከልብስ በማቋጠር ወይም በሰንሰለት በማያያዝ አብረው እንዲውሉ፣ አብረውም እንዲያድሩ የሚያደርግ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ነገሩ አስገርሟቸው ጽፈውበታል። ዛሬ ሥርዓቱ ቀርቶ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለው አነጋገር ብቻ ተርፎልናል።

ቁራኛን መልሰን እናምጣው የሚል የለም። ሰውን ከሰው ጋር ማሰር ክብርን የሚነካ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የምንማረው አንድ ነገር አለ። በቁራኛ የታሰረ ሰው ዕዳውን ከማንም ሊደብቅ አይችልም። በገበያው መካከል ሲያልፍ ማንኛውም ሰው አይቶ ያውቀዋል፤ አዲስ ብድር ሊሰጠው የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ያስባል። የዛሬ ኩባንያ ግን ዕዳውን በ200 ገጽ ሰነድ ውስጥ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ በመጨረሻው ማብራሪያ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊት የሚያምር ሥዕል ሊለጥፍ ይችላል። ሰንሰለቱ ስለማይታይ የታሰረ አይመስልም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ዋስትናን በጥንቃቄ ይዟል። ዋስትና በግምት አይወሰድም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸም ውሉ አይጸናም። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ሰው መጠኑን በማያውቀው ነገር አንገቱን እንዳያስገባ ነው። ዋሱን እንዲህ የጠበቀ ሕግ ካለ፣ የዋሱን ንግድ የሚገዛውን ወይም ከዋሱ ጋር የሚሻረከውን ሰውስ ማን ይጠብቀዋል?

አቡ ቀታዳ የተሸከሙት

በእስልምና ሕግ ዋስትና «ከፋላ» ይባላል። ዑለማእ ለመፈቀዱ ከሚጠቅሱት ማስረጃ አንዱ በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ የተነገረው የንጉሡ ዋንጫ ታሪክ ነው፤ ዋንጫውን ለሚያመጣ የግመል ጭነት እህል እንደሚሰጥ ተነግሮ ተናጋሪው ራሱ ለዚህ ዋስ ሆኗል።

ከሐዲስ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው የአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ታሪክ አለ። አንድ ጀናዛ ቀርቦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሟቹ ዕዳ እንዳለበት ጠየቁ። ጥቂት ዲናሮች እንዳሉበት ሲነገራቸው ባልደረቦቻቸው እንዲሰግዱበት ነግረው እርሳቸው ከመስገድ ተቆጠቡ። አቡ ቀታዳ ዕዳውን እኔ ተሸክሜያለሁ ባሉ ጊዜ ሰገዱበት። በሌላ ዘገባ እንደመጣው ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኋላ አቡ ቀታዳን አግኝተው ዲናሮቹ ምን እንደሆኑ ጠይቀዋል፤ ሟቹ ዕፎይ ማለቱን የተናገሩትም መከፈሉን ካረጋገጡ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ዋስ መሆን ቀላል ቃል አይደለም፤ ቃሉ ከአፍ በወጣ ጊዜ በአንገት ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል። ሁለተኛ፣ ዋስ መሆን ከመክፈል ጋር አንድ አይደለም፤ ዋሱ እስኪከፍል ድረስ ጉዳዩ ይጠየቃል፤ ይከታተሉታል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓይነት ዕዳ፣ ገና ላልደረሰው፣ ተገቢው ነገር ሁለት ነው፤ መዘጋጀትና መናገር። ቢመጣ የምከፍልበት አለኝ ወይ ብሎ ራስን መጠየቅ፣ ከእኔ ጋር ለሚሻረክም አስቀድሞ ማሳወቅ።

ለማሳወቁ ነገር ከአል-በቀራህ ሱራ 282ኛው አንቀጽ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ይህ ሲሆን የሚናገረውም ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። አንቀጹ ዕዳው እንዲጻፍ ካዘዘ በኋላ የሚያስጽፈው ሰው ማን እንደሆነ ይለያል። አበዳሪው አይደለም፤ ዕዳው ያለበት ሰው ራሱ ነው። አላህንም ፈርቶ ከዕዳው ምንም እንዳያጎድል ታዟል። ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ጥበብ ነው። ዕዳውን አሳንሶ ማጻፍ የሚጠቅመው ሰው እርሱ ነውና፣ ምስክርነቱ በራሱ አፍ እንዲወጣ ተደረገ።

ዛሬ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት «የደንበኛ ሳቢ መግለጫ» የሚባል ሰነድ ያወጣል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ለዚህ መሠረት ጥሏል። ስሙ «ደንበኛ ሳቢ» ይሁን እንጂ የሰነዱ ትልቁ ፍሬ ደንበኛን የሚያስጠነቅቀው ክፍል ነው፤ ያለውን ብድር፣ የተያዘበትን ክስ፣ የገንዘብ ምንዛሪ ቢለወጥ የሚደርስበትን ነገር የሚገልጸው ገጽ። ይህን የሚጽፈው ሻጩ ራሱ ነው። ዕዳው ያለበት ሰው ያስጽፍ የተባለውን ትእዛዝ የሚያስታውስ ሙስሊም ለዚህ ገጽ ልዩ ግምት ሊሰጠው ይገባል።

የምንዛሪውን ነገር ቀላል አድርገን አንመልከተው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። የቴክኖሎጂ ዕቃ ከውጭ በዱቤ የሚያስመጣ ማንኛውም ድርጅት፣ ከትልቁ ቴሌኮም እስከ ፒያሳው የኮምፒዩተር አስመጪ፣ አንዲት ዶላር ሳይጨምር በብር የሚቆጠረው ዕዳው በእጥፍ ሲያድግ አይቷል። «ዕዳ ከሜዳ» ነበር ወይ? አልነበረም። የዶላር ዕዳ የፈረመ ሰው ይህ ሊመጣ እንደሚችል ከፈረመበት ቀን ጀምሮ ሊያውቅ ይገባው ነበር።

ዳኛው ያልበየነበት

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንሂድ። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መአረግ አማረ በባሕር ዳር በመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውን፣ ፎቶግራፋቸውንና የሥራ ቦታቸውን የያዙ፣ በብሔራቸው ምክንያት የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ላይ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ማመልከቱን፣ መልስ ግን በጊዜው አለማግኘቱን ገልጾ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከሳሾች ጋር በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ላይ ክስ መሠረተ። ክሱ ለጥላቻ ንግግር ሰለባዎች 200 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ፣ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር፣ የሚሆን የካሳ ፈንድ እንዲቋቋም የሚጠይቅ ነው። ኩባንያው በበኩሉ ለደኅንነት ሥራ ብዙ ገንዘብ እንደሚያወጣ ይናገራል፤ የኬንያ ፍርድ ቤት ይህን ጉዳይ የማየት ሥልጣን የለውም ብሎም ተከራክሯል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለኝ ብሎ ጉዳዩ እንዲቀጥል ወስኗል።

ለኩባንያው የሒሳብ ሠራተኞች ይህ ከብዙ ክሶች አንዱ፣ «ሊመጣ የሚችል ዕዳ» ነው። የሚጠይቁትም «እንረታለን ወይስ አንረታም?» ብለው ነው። ለሟቹ ቤተሰብ ግን ነገሩ «ሊመጣ የሚችል» አይደለም፤ መጥቶ ቤታቸውን አፍርሷል። የኩባንያው ጥፋት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን እዚህ አንበይንም፤ ያ የዳኛው ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በኩባንያው ውስጥ ማን ምን ያውቅ እንደነበር፣ ማመልከቻው መቼ እንደደረሰና ምን እንደተደረገበት የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ለእነርሱ ተገቢው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይፈረድብናል ወይ?» የሚለው አይደለም፤ «ሐቅ አለብን ወይ?» የሚለው ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለዚህ ያስተማሩት የታወቀ ነው። ሁለት ተከራካሪዎች ወደ እርሳቸው ቀርበው አንዱ በንግግር ችሎታው በልጦ ቢፈረድለትና ነገሩ የወንድሙ ሐቅ ቢሆን፣ የተፈረደለት የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። እርሳቸው የፈረዱት ፍርድ እንኳ ሐቅን ከባለቤቱ አያዛውርም ከተባለ፣ የናይሮቢ ወይም የአዲስ አበባ ዳኛ ፍርድ እንዴት ያዛውረዋል? ፍርድ ቤት ዕዳን ይገልጻል እንጂ አይፈጥርም። ካለ ከመፈረዱ በፊትም አለ፤ ከሌለ ከተፈረደ በኋላም የለም።

ለዚህ በአገራችን ሕዝብ በሙሉ የታዘበው ምሳሌ አለ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ባንኩ ያለአግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ። ከወሰዱት ብዙዎቹ መለሱ፤ ከመካከላቸውም ተማሪዎች ነበሩ። የመለሰው ሰው ዳኛ እስኪበይንበት አልጠበቀም። ገንዘቡ የእርሱ አለመሆኑን ያውቃልና ዕዳው በዚያች ሌሊት ተወልዷል። ለአንድ ተማሪ «ካልተከሰስኩ ዕዳ የለብኝም» ማለት የማይፈቀድ ከሆነ፣ ለአንድ ግዙፍ ኩባንያ የሚፈቀድበት ምክንያት የለም።

«መናገር ራስን መክሰስ ነው»

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይነሳል። «በክርክር ላይ ያለ ድርጅት ‹ልረታ እችላለሁ፣ ይህን ያህልም ልከፍል እችላለሁ› ብሎ ከጻፈ ለባላጋራው መሣሪያ ማቀበሉ አይደለም ወይ? ደግሞስ በፊቅህ መሠረታዊው ነገር ሰው ከዕዳ ነፃ መሆኑ አይደለም ወይ? በጥርጣሬ ብቻ ለምን ዕዳ እንሸከማለን?»

መከራከሪያው ሊናቅ አይገባም። በኦቶማን ዘመን ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. በተዘጋጀው የሕግ ስብስብ በመጀለቱል አሕካምም ሰው በመሠረቱ ከዕዳ ነፃ መሆኑና እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አለመፍረሱ ከመርሖዎቹ መካከል ናቸው። የዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃም ዝርዝሩ ድርጅቱን በክርክሩ በጽኑ የሚጎዳ ሲሆን፣ እጅግ አልፎ አልፎ፣ ዝርዝሩን እንዲተው ይፈቅዳል። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜም ቢሆን ክርክር መኖሩንና ዝርዝሩ ያልተገለጸበትን ምክንያት እንዲናገር ያስገድደዋል።

መልሱ እዚሁ ውስጥ ይገኛል። ግምትን መናገርና ጉዳዩን መናገር የተለያዩ ናቸው። ተከሳሽ «እረታለሁ» ብሎ እንዲናገር ማንም አያስገድደውም። «ተከስሻለሁ፤ የተጠየቅሁት ይህን ያህል ነው፤ የክሱ ምክንያትም ይህ ነው» ማለት ግን ራስን መክሰስ አይደለም፤ ሰውን አለማታለል ነው። ከዕዳ ነፃ የመሆን መርሕ የተቀመጠው ሰው ያለ ማስረጃ እንዳይጠየቅ ነው። ገዢን በጨለማ ለማስቀመጥ መጋረጃ እንዲሆን አልተቀመጠም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር ያለው እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ዝናቡን ነጋዴው አላመጣውም። የተወቀሰው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው።

ጉዳዩን ሳይደብቁ መከራከር እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ከዓለም እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ኮሚሽን አፕል ለአየርላንድ መንግሥት 13 ቢሊዮን ዩሮ ያልተከፈለ ግብር እንዲከፍል ወሰነ። ኩባንያው ይግባኝ አለ፤ ጉዳዩ ግን በአደባባይ የታወቀ ነበር፤ ገንዘቡም በ2018 በገለልተኛ ሒሳብ ተቀመጠ። በ2020 ፍርዱ ለአፕል ሆነ። መስከረም 10 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመጨረሻው ፍርድ ቤት በአፕል ላይ ፈረደ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ ገንዘብ ዕዳ ነው አይደለም ሲባል ቆየ። ግብሩ ራሱ ተገቢ ነበር ወይ የሚለውን ትተን፣ አክሲዮን የገዛ ሁሉ ጉዳዩን ማወቅ ይችል ነበር። በተቃራኒው በ2001 የወደቀው የአሜሪካው ኤንሮን ዕዳውን በሌሎች ድርጅቶች ስም ከሒሳቡ ውጭ አስቀምጦ ሲደብቅ ቆይቶ፣ ነገሩ ሲገለጥ ሠራተኞቹ ለጡረታ ያጠራቀሙትን ሳይቀር አጥተዋል። ልዩነቱን ልብ ይሏል።

ትርፉ የማን፣ ጉዳቱ የማን?

ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለውን ጽሑፍ ከብዙ ሱቅ በር ላይ እናነባለን። ትርጉሙ ድርጅቱ ቢወድቅ ባለቤቶቹ ካዋጡት ገንዘብ በላይ አይጠየቁም ማለት ነው። ይህ ሕግ ብዙ ሰው ሳይፈራ ገንዘቡን አዋጥቶ ትልቅ ሥራ እንዲሠራ አስችሏል፤ ጥቅሙ አይካድም። ሙዷረባ በሚባለው የሽርክና ዓይነትም ገንዘቡን የሰጠው ሰው የሚከስረው የሰጠውን ነው።

ይሁንና የፊቅህ ሊቃውንት ሌላም መርሕ አስተምረውናል፤ የአንድ ነገር ጥቅም የሚደርሰው ጉዳቱን ለሚሸከመው ነው። ትርፉ ሲመጣ «ድርጅቱ የእኔ ነው»፣ ዕዳው ሲመጣ «ድርጅቱ ሌላ ሰው ነው» የሚል ባለቤት ይህን መርሕ አፍርሷል። በተለይ ነገ የሚመጣበትን እያወቀ ዛሬ ትርፉን አከፋፍሎ ካዝናውን ባዶ የሚያደርግ፣ ከዚያም «ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው» የሚል ሰው፣ ሕጉ ባይዘው እንኳ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ኩባንያ ነፍስ የለውም። አይሞትም፤ ጀናዛው አይሰገድበትም፤ በቀብርም አይጠየቅም። የሚጠየቁት በስሙ የፈረሙት ሰዎች ናቸው።

ከፒያሳ ሱቅ ጀምሮ

ይህ ሁሉ ለትልልቆቹ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የቆዩ ሱቆችና ቤቶች ከቦታቸው ተነስተዋል። ነጋዴው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ፤ አንዳንዱም ሥራውን ተወ። ሱቁ ከመፍረሱ በፊት ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ሲሸጥ «ለአንድ ዓመት ዋስትና አለው፤ ከተበላሸ አምጣው» ያለ ነጋዴ፣ ያ ቃል ከሱቁ ጋር ፈርሷል ወይ? ገዢው ተበላሽቶበት ሲመጣ የሚያገኘው አጥርና መንገድ ነው። ግን ዋስትናው የተሰጠው በግድግዳው አልነበረም፤ በሰውየው አንደበት ነው። ስለዚህ ያለው በሰውየው አንገት ላይ ነው፤ የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። የቻለ አዲሱን አድራሻ ለደንበኞቹ ያሳውቃል፤ ያልቻለም ሲያገኙት አያፈገፍግም።

የአገራችን ሕግም ወደዚሁ ያዘነበለ ነው። የሸጠውን ዕቃ ጉድለት እያወቀ ሆን ብሎ የደበቀ ሻጭን «ከዚህ በኋላ ኃላፊ አይደለሁም» የሚለው የውል ቃል አያድነውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነጋዴ የሆነ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዘካውን በሚያሰላበት ቀን፣ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ያዘጋጅ። የገባውን ዋስትና፣ ለደንበኛ የሰጠውን ቃል፣ የተያዘበትን ክርክር፣ በሰው ላይ ያደረሰውንና ያልተጠየቀበትን ይጻፍ። ወረቀቱን ለሸሪኩና ለሚያምነው የቤተሰቡ ሰው ያሳይ፤ ሞት ቢመጣ ወራሾቹ «ዕዳ ከሜዳ» እንዳይሉ። ባለአክሲዮን የሆነም ዝም አይበል። ብቻውን የ33 አክሲዮን ባለቤት ድምፁ ትንሽ ነው፤ ሰነዱንም ማንበብ ይከብደው ይሆናል። ስለዚህ በሒሳብና በሕግ የተማሩ ወንድሞችና እህቶች ለሌላው በሚገባው አማርኛ ያንብቡለት፤ በጉባኤም ላይ ከትርፉ አስቀድሞ ስለ ክሱና ስለ ዋስትናው ይጠየቅ።

አራዳ የሚለው ቃል በሰፈሩ ስም ተጀምሮ ብልጥ ለሆነ ሰው መጠሪያ ሆኗል። አንዳንዱ አራዳነት ዕዳን ደብቆ ዕቃን በጥሩ ዋጋ መሸጥ ይመስለዋል። ሻጭና ገዢ እውነቱን ተነጋግረው ጉድለቱን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁና ከዋሹ በረካው እንደሚነሳ ያስተማሩን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮች ነን። ብልጠት ከተባለ፣ ነገ በማይሻር ችሎት ፊት የሚጠየቁበትን ዛሬ በራስ አንደበት ማስጻፍ ነው።

ወላሁ አዕለም።